ፍላጻዋ የምትወጣበት ቦታ

ቨርሊን ቶለፍሰን ሥጋ ቆራጭ ነው። በእኛ ሸለቆ በየመጸው ከሚወድቁት አጋዘኖች ግማሽ ያህሉ በእሱ ጠረጴዛ ላይ ያልፋሉ። እኔ አርዲስ እባላለሁ። የትምህርት ቤት አውቶቡስ መንዳት ካቆምኩ ወዲህ ከጎኑ ቆሜ እሱ የቆረጠውን በወረቀት እጠቀልላለሁ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ስለዚህ የምናገረው ያየሁትን ነው። ላቆለጳጵሰውም አልፈልግም። ግትር ነው፣ ሲናደድ ያፏጫል፣ ራዲዮኑን የፖልካ ጭፈራ ሙዚቃ ከሚያሰማው ጣቢያ ያዞረበትን ሰው ሳምንት ሙሉ አያናግርም። ብልት ሲያወጣ ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አይቼው አልሰለቸኝም። ቢላው አጥንት ሳይነካ መገጣጠሚያውን ያገኘዋል።

አዳኞቹ አጋዘን ጭነው ሲመጡ ቨርሊን ቀንዱን አያይም። መጀመሪያ የሚያየው ቀዳዳውን ነው።

«ይሄን ማን ነው የወጋው?» ይላል።

«እኔ ነኝ፤» ይላል አንዱ ደረቱን ነፍቶ።

«ወግተኸው ነው ወይስ ተሰናክለህ ወደቅክበት?»

ከዚያ ሰውየውን ክንዱን ይዞ ወደ በሩ ይወስደዋል። በሩ ላይ በጠመኔ የተሣለ አጋዘን አለ። ጥይት ሌላ፣ ፍላጻ ሌላ ነው ይለዋል። ጥይት አጥንት ይሰብራል፤ ፍላጻ ግን ስለት ናት፣ ቆርጣ ነው የምትገድለው። ከወርቹ ኋላ በጎድኖቹ መካከል ገብታ፣ ሁለቱንም ሳንባ አልፋ መውጣት አለባት። ይህን መናገር የሚያስፈልገው የእኛ አባቶች ሁሉ በጠመንጃ ስላስተማሩን ነው። «ትከሻውን ስበረው፣ ከዚያ ወዲያ አይሄድም» የሚለውን ቃል በሸለቆው ውስጥ ከአሥራ ሁለት ዓመቱ ጀምሮ ያልሰማ የለም። ደጋን የያዝነው ካደግን በኋላ ነው። እጃችን ደጋኑን ለመደ፣ ጆሯችን ግን አባታችን ጋር ቀረ።

ጠንቋይ ለራሱ አያውቅም ይባላል። የዛሬ ሰባት ዓመት በጥቅምት መጨረሻ፣ አንድ ደህና ቀንዳም አጋዘን ከቨርሊን ሃያ እርምጃ ላይ ጎኑን ሰጥቶ ቆመ። ቨርሊን ደጋኑን ሳበ። በዚያች ሰዓት፣ ከሞተ ሠላሳ ዓመት ያለፈው አባቱ ጆሮው ሥር «ትከሻውን!» ያለው መሰለው። ፍላጻዋ ወርቹ ላይ አረፈች። ድምፁ መዶሻ ሳንቃ ላይ ሲያርፍ ዓይነት ነበር ብሎኛል። አጋዘኑ በሦስት እግሩ እያነከሰ ጫካው ውስጥ ጠፋ።

በእኛ ዘንድ አጋዘን አቁስሎ የጠፋበት ሰው አጥር ዘሎ አይፈልግም። ከቤት ቤት እየሄደ ያንኳኳል፣ ኮፍያውን አውልቆ ስሙን ይናገራል፣ የት እንደመታውም ይናገራል። ስሙንማ ማን ያጣዋል፤ ያም ሆኖ መናገር አለበት። ቨርሊን በሁለት ቀን አሥራ አራት በር አንኳኳ። «የት መታኸው?» ይሉታል። «ትከሻው ላይ» ይላል። ያ ሁሉ በጠመኔ ያስተማረው ሰው በየደጃፉ ቆሞ ሲያየው እንደነበር አስቡት። እኔ ቤት ሲደርስ በሩን ከፍቼ ጭቃ የወረሰውን ሱሪውን አየሁና ቀልዴን ዋጥኩት። አጋዘኑ አልተገኘም።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በጠመንጃ አደን ሰሞን፣ ከሌላ ከተማ የመጣ ሰው የከሳ ቀንዳም አመጣ። ቨርሊን የግራ ወርቹን ሲገፍፍ ቢላው ብረት ነካ። ሥጋውን ሰንጥቆ የፍላጻ ጫፍ አወጣ። ቨርሊን የራሱን ጫፎች ሁሉ በሞረድ ምልክት ያደርግባቸዋል። ምልክቱ አለ።

በዚያ ሰዓት እኛ ጋ የነበሩት ወንዶች ጮኹ። «አየህ! ኖሯል እኮ! አንተ በከንቱ ስትብሰለሰል!» እያሉ ጀርባውን ቸብ ቸብ አደረጉት። የዋሆች። እኔ ጠረጴዛውን እያየሁ ነበር። የወርቹ ሥጋ ተኮማትሮ የሌላኛውን ግማሽ አያክልም፤ አጥንቱ ሥር የኔን ጡጫ የሚያህል መግል ቋጥሯል። ቨርሊን ሄዶ ራዲዮኑን አጠፋው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ያንን ያደረገው ያን ቀን ብቻ ነው።

«ሁለት የበረዶ ክረምት፣ አርዲስ፤» አለኝ ሰዎቹ ሲሄዱ። «በሦስት እግር።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። ቨርሊን ግን ወጊ ሆኖ ሳለ መርሳት አቃተው። በየመጸው ደጋኑን ይዞ መውጣቱን አላቆመም፤ ሥጋ ይዞ መመለሱን ነው ያቆመው። አንዴ ነፋሱ ዞረብኝ ይላል፤ ሌላ ጊዜ ቅርንጫፍ ከለለኝ። በኋላ እውነቱን ነገረኝ። ደጋኑን ሲስብ አጋዘኑ ቆዳው የተገፈፈ ሆኖ ይታየዋል። ሳንባው፣ ጉበቱ፣ ጨጓራው፣ ወርቹ፣ ሁሉም ባንዴ ይመጣበታል። አንዱን መምረጥ ያቅተዋል፣ ክንዱ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ የደጋኑን ጅማት ቀስ አድርጎ ይመልሳል። አጋዘኑ ሣሩን በልቶ ይሄዳል። አራት ዓመት እንዲህ አለፈ።

ኦሪን የቨርሊን ታላቅ ወንድም ነው። ሁለቱም አላገቡም፤ በአባታቸው ቤት አብረው ይኖራሉ። አንዱ ላም ያልባል፣ አንዱ ሥጋ ይቆርጣል፤ ምሽት ላይ ሶፋው የማን እንደሆነ ይጣላሉ። የዛሬ ሁለት ዓመት የወተት ባልዲ ከኦሪን እጅ ወደቀ። ከዚያ ማንኪያ ወደቀ። ሐኪሙ ጡንቻን ቀስ በቀስ የሚያከስም የነርቭ በሽታ ነው አለ፤ መድኃኒት የለውም አለ። ባለፈው ነሐሴ ኦሪን እግሩም እጁም አይታዘዝም ነበር። ምላሱ ብቻ ቀርታለች፤ እሷም ብትሆን እያረፈች ነው የምትሄደው። ላሞቹ ተሸጡ። አንዲት ጊደር ብቻ፣ ዳግማር የምትባል፣ ኦሪን አትሸጥም ብሎ ቀረች።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ድንችና የአጋዘን ቋሊማ ይዤላቸው ሄድኩ። እኔ ኦሪንን እያጎረስኩ ሳለ ነገሩ ተነሣ።

«ስማ፤» አለው ኦሪን። «ይሄ መጸው የመጨረሻዬ ነው። ስትወጋ አጠገብህ ልቀመጥ።»

«እኔ ዘንድሮ አልወጣም፤» አለ ቨርሊን ሳህኑን እያየ።

«ለምን?»

«ሥራ አለብኝ።»

«ወንበር ላይ የተጣልኩት እኔ፤» አለ ኦሪን፤ ትንፋሽ ወሰደ፤ «ሽባ የሆንከው ግን አንተ።»

ቨርሊን ሹካውን አስቀምጦ ወጣ። ግቢው ውስጥ ሲያፏጭ ሰማሁት። እኔም ኦሪንን «አሁን ይሄን ማለት ነበረብህ?» አልኩት። «ቋሊማውን አጉርሺኝ» አለኝ። ሁለቱም እንዲያው ናቸው፤ ከአንድ ግንድ የተፈለጡ።

ኦሪን ግን የዋዛ ሰው አልነበረም፤ ወንድሙን እሺ እስኪል ጨቀጨቀው። በመስከረም፣ ጠዋት ጠዋት ወንበሩን በረንዳው ላይ ያስወጣል፣ ዳግማር ግቢው ውስጥ ትለቀቃለች። ቨርሊን ጊደሯን በሃያ እርምጃ ርቀት እየዞረ እንዲሄድ ይታዘዛል። ኦሪን «ቁም!» ሲል ይቆማል።

«ከየት ትወጣለች?» ይላል ኦሪን።

ነገሩ ይህ ነበር። ፍላጻዋ የት ትገባለች አይልም፤ ከወዲያኛው ጎን ከየት ትወጣለች ነው የሚለው። ቨርሊን ጊደሯ በቆመችበት አቅጣጫ ማዶውን አስቦ «ከሩቁ ወርች ኋላ» ይላል። ወይም «ከሆዷ» ይላል።

«ከሆዷ ከሆነ?»

«የለም።»

«ጮክ በል!»

«የለም!»

መውጫዋ ጥሩ ካልሆነ መግቢያ የለም። ያን ጊዜ ጅማቱን መመለስ አዳኝነት ነው፣ ፍርሃት አይደለም፤ ይሄን ነበር ኦሪን ወንድሙ ራስ ውስጥ ሊከት የሚታገለው። ሁሉን ብልት ባንዴ ከማየት፣ ማዶ ያለችውን አንዲት ነጥብ ማየት። አንድ ጠዋት ዕንቁላል ላደርስላቸው ስገባ፣ ሁለት ሽማግሌ አንዲት ጊደር ከበው «የለም! የለም!» ሲጮኹባት አገኘኋቸው። ዳግማር ታመነዥጋለች። ሳቄ አመለጠኝና ዕንቁላሉ ከእጄ ሊወድቅ ነበር። ኦሪንም ሳቀ፤ መሳቅ ያስለዋል፣ እስኪያልፍለት ጠበቅን። በጥቅምት ቨርሊን ለጥያቄው ሳያስብ መልስ መስጠት ጀመረ።

በኅዳር መጀመሪያ፣ ወንዶቹ አጋዘኖች እንስቶቹን ፍለጋ በጠራራ ፀሐይ የሚዞሩበት ሳምንት፣ ከባሉጥ ዛፎቹ ጫካ ሥር ባለው የአልፋልፋ መኖ ማሳ ዳር የገለባ እስሮችን ከምረን ማድፈጫ ሠራን። ኦሪንን በትራክተር ተጎታች ከነወንበሩ ጭነን ወሰድነው። የሳሎን ወንበር ነው፣ ወደ ኋላ የሚተኛ፣ አበባ አበባ ያለበት። «አጋዘኖቹ እግራቸውን ጠርገው ይግቡ እንጂ» አልኩና ትቻቸው ሄድኩ።

ሦስተኛው ቀን ላይ ትልቅ ቀንዳም መጣ። የሆነውን ከሁለቱም ሰምቻለሁ፤ አይለያይም። አጋዘኑ ደረቱን ወደ እነሱ አዙሮ፣ ሰያፍ ሆኖ፣ አሥራ ስምንት እርምጃ ላይ ቆመ። ቨርሊን ደጋኑን ሳበ። ቆየ። ከዚያ ጅማቱን መለሰ።

«ልቀቅ!» አለ ኦሪን በሹክሹክታ።

«የለም።»

«ልቀቅ እልሃለሁ! ጊዜ የለኝም እኮ!»

አጋዘኑ ሰማና ጅራቱን አንሥቶ ሄደ። ኦሪን ፊቱን ወደ ገለባው አዞረ። ወደ ቤት ሲመለሱ አልተናገረም። ራትም አልበላም። በማግሥቱም እንደዚያው።

ቨርሊን ሥጋ ቤቱ መጥቶ ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ። የሚቆረጥ ሥጋ ነበር፣ አልነካውም።

«ፈራሁ መሰለኝ፣ አርዲስ።»

«ከየት ትወጣ ነበር?»

«ከጨጓራው።»

«ታዲያ የለም ነዋ።»

«አራት ዓመት ሙሉ እኮ የለም ስል ነው የኖርኩት! ያኛውን የለም ከዚህኛው በምን ልለየው?» ጮኸብኝ፤ ጮኾብኝ አያውቅም።

 ወረቀት መቁረጤን ቀጠልኩ። ከዚያ አንድ ነገር መጣልኝ።

«ክንድህ ተንቀጠቀጠ?»

 ቀኝ ክንዱን አየ።

«አልተንቀጠቀጠም፤» አለ። «ጸንቶ ነበር። አጋዘኑም ሙሉ ሆኖ ነው የታየኝ፤ ከነቆዳው።»

«እንግዲያ ተነሥና ሥጋውን ቁረጥ፤ ደንበኛ እየመጣ ነው።»

ያን ቀን ማታ ለኦሪን ምን እንዳለው አላውቅም። በሦስተኛው ቀን ግን ተጎታቹ ከነአበባው ወንበር በደጄ ሲያልፍ አየሁት። ኦሪን እስከ አገጩ በብርድ ልብስ ተጠቅልሏል።

ከሰዓት በኋላ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ቨርሊን ሥጋ ቤቱ መጣ። አንዲት እንስት አጋዘን ይዟል። ኦሪንን አልጋው ላይ አስተኝቶ ነው የመጣው። ልማዴ ነውና መጀመሪያ ቀዳዳዋን አየሁ። ፍላጻዋ ከወርቹ ኋላ ገብታለች፤ አጋዘኗን አዞርኳት፣ ከማዶው ወርች ኋላ ወጥታለች። በሩ ላይ ያለው የጠመኔ ሥዕል ከዚህ አይበልጥም። ልስመው ፈለግሁ፤ ፊቱን ሳይ ተውኩት። ደስ ያለው ሰው ፊት አልነበረም።

አጋዘኗን ሰቀላትና ቢላውን መሳል ጀመረ። እየሳለ ነገረኝ።

«አጥሩ ጋ ሮጣ ቆመች፤» አለ። «የረሳችው ነገር ያለ ይመስል ዞር ብላ አየች። ከዚያ ጉልበቷን አጥፋ ተኛች። እስከ ሃያ አልቆጠርኩም። ኦሪን ‹አለቀ?› አለኝ። ‹አለቀ› አልኩት። ‹ምን እንደነካት አላወቀችም አይደል?› አለኝ። ‹አላወቀችም።› ‹እርግጠኛ ነህ?› ሦስቴ ጠየቀኝ፣ አርዲስ።»

የወጋናት ስትወድቅ ብናያትም ግማሽ ሰዓት ሳንነሣ መቀመጥ የሸለቆው ደንብ ነው። እንስሳ ሲሞት አይሮጡበትም። ወንድማማቾቹ ያንን ግማሽ ሰዓት ጠበቁ። ኦሪን የተናገረው ያኔ ነው።

«‹አንተን ልፈውስ የመጣሁ መስሎሃል አይደል?› አለኝ። ‹አትመጻደቅ። ስለ ራሴ ነው የመጣሁት። እፈራለሁ፣ ቨርሊን። ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ላም ሲሞት አይቻለሁ፣ እናታችን ስትሞት አይቻለሁ፣ አባታችንንም አይቻለሁ። አንዱም ደህና አልነበረም። ደህናውን አንዴ ማየት ፈልጌ ነው፣ ከቅርብ፣ የሚጠነቀቅ ሰው ሲያደርገው።›»

ቢላው መሣያው ላይ ቆመ።

«ስለዚያ ቀንዳም ይቅርታ ጠየቀኝ። ‹እሺ ብለኸኝ ለቀህበት ቢሆን፣ አልጋዬ ላይ ይዤው የምተኛው ያንን ነበር› አለኝ። አየሽ፣ ምን ልናደርግ እንደነበር? እኔ አላውቅም ነበር። ለምን እንደመጣ አልነገረኝም እኮ!»

«አልወጋኸውም፤» አልኩት።

«አልወጋሁትም።» የቢላውን ስለት በአውራ ጣቱ ሞከረ። «ከዚያ፣ ግማሽ ሰዓቱ ሊሞላ ሲል፣ ‹የኔ ሲመጣ ትኖራለህ?› አለኝ። ‹እኖራለሁ› አልኩት። ‹ከክፍሉ አትወጣም?› ‹አልወጣም።› ‹እንደሷ ይሆንልኛል?› አለኝ።»

«ምን አልከው?»

«‹አዎ› አልኩት።»

ውጭ የሆነ መኪና አለፈ። ፖልካው እየተጫወተ ነበር፤ ማናችንም አላጠፋነውም።

«ዋሸሁት እንዴ፣ አርዲስ?»

ሐኪሙ ያ በሽታ መጨረሻው ላይ ትንፋሽ እንዴት እንደሚያሳጣ ለሁለታችንም ነግሮናል። ማባበል አልችልበትም፤ ሰው ሲያለቅስም የማደርገው ይጠፋኛል።

«አላውቅም፤» አልኩት። «ያኔ እናያለን። እኔም እመጣለሁ፣ ብቻህን አትሆንም።»

ራሱን ነቀነቀ፤ ወደ አጋዘኗ ዞሮ ቢላውን አነሣ፤ ግን ዓይኑ ሞልቶ የሚቆርጠው አይታየውም ነበር። በእንባ የሚሠራ ሥራ አይደለም፣ ጣት ያስቆርጣል። ቢላውን ከእጁ ወስጄ እሱን ባልዲው ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ መግፈፍ ጀመርኩ። በአሥራ አንድ ዓመት ያየሁትን በእጄ ስሞክረው የመጀመሪያዬ ነበር፤ ሁለት ቦታ ቆዳውን በሳሁት። ቨርሊን እያየ አላፏጨብኝም።